ስለ ሌላው መናገርና ሌላውን ማናገር

ላፍ ዳገት የለውም ይባላል። ይህን ምሳሌ ያወጣው ሰው አንደበቱ የተፈታለት ሰው እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ሰነፍ ሰው ተቀምጦ በቃሉ ብቻ ተራራ ሲንድ ስላየ፣ መናገር ከሥራ ሁሉ የቀለለ መሆኑን ለመግለጽ ተናገረው፤ ነገሩም ለብዙ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን አፍ ራሱ ዳገት የሆነባቸው ሰዎች በየአገሩ አሉ። ስሙን ሲጠየቅ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በከንፈሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት ተብታባ አለ። ድንገት የአንጎሉ የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ፣ የሚያስበውን እያወቀ ቃሉን ፈልጎ የሚያጣ ሽማግሌ አለ። ሳይወለድ ወይም ሲወለድ አንጎሉ ስለ ተጎዳ፣ ከንፈሩና ምላሱ አልታዘዝ ያሉት ሕፃን አለ። ለእነዚህ ሁሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ጭነት ተሸክሞ አቀበት እንደ መውጣት ናት።

የዚህ ችግር ክፉው ክፍል ግን በተናጋሪው ምላስ ሳይሆን በሰሚው ልብ ውስጥ ይገኛል። ሰው ብዙ ጊዜ የምላስን መታሰር ከአእምሮ መታሰር አይለየውም። አንደበቱ የዘገየውን ሰው ልቡም የዘገየ ይመስለዋል። ስለዚህ ከእርሱ ጋራ መነጋገሩን ትቶ ስለ እርሱ ይነጋገራል። እንግዳ ወደ ቤት ገብቶ «ልጁ ምን ይወዳል? ሌሊት ይተኛልን?» ብሎ እናቱን ይጠይቃል፤ ልጁ ግን እዚያው ተቀምጦ ሁሉን ይሰማል። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ቀን ቢሆን ቀላል ነው፤ ዕድሜ ልክ ሲሆን ግን ሰውን በሕይወቱ ሳለ ከሰዎች ማኅበር እንደ ማውጣት ነው።

ይህን ዳገት ለማቅለል የሚደክም ሙያ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ይባላል። በአሜሪካ የሙያው ሰዎች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1925 ነው፤ እዚህ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የንግግር ሐኪም ሥራ ብዙ ዓይነት ነው። ሕፃኑ ድምፅን ከድምፅ እንዲለይ ታስተምረዋለች፤ የሚንተባተበው ወጣት ትንፋሹን ሳያስጨንቅ ቃሉን እንዲጀምር ታለማምደዋለች፤ ጉሮሮው የደከመውን በሽተኛ ምግብ ትን ሳይለው እንዲውጥ ታሠለጥነዋለች። ከቶ በአፉ መናገር ለማይችለው ደግሞ ሌላ መንገድ ትፈልግለታለች። ብሊስ የሚባል ሰው የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይግባባባቸዋል ብሎ የፈጠራቸውን ምልክቶች በ1949 በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር፤ በ1971 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ መምህራን እነዚህን ምልክቶች ወስደው አካላቸው ለተጎዳና መናገር ለተሳናቸው ልጆች ሰሌዳ ሠሩላቸው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል እንደሚቈጥር ሁሉ፣ እነዚህም ልጆች በጣታቸው፣ ጣታቸው እምቢ ሲላቸውም በዓይናቸው እየጠቆሙ አሳባቸውን መግለጥ ጀመሩ። ዛሬ የዚያ ሰሌዳ ልጅ ልጅ፣ የተጠቆመውን ቃል በድምፅ የሚያሰማ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሆኗል።

በክርስቲያናዊ እምነት ተነሥተው ይህን ሙያ ከያዙት ሰዎች መካከል ሁለት ሌላ ሥራ የሚጨምሩ አሉ። አንደኛው ወጣቶችን ቀርቦ መምከርና ማበርታት ነው፤ ሁለተኛው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በሕግ አውጪዎች ፊት መከራከር ነው። ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጥ ነው። የሕክምናው ሰዓት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ልጁ የሚኖረው በሰው መካከል ነው። የልጁ ምላስ ቢፈታ የጎረቤቱና የመምህሩ ጆሮ ሳይከፈት ቢቀር ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሟ የሕክምና ክፍሏን በር ከፍታ ወደ አደባባይ ትወጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ስለ ሌላው የሚናገር ሰው፣ የሚናገርለትን ሰው በእርግጥ ድምፅ ይጨምርለታልን? ወይስ የነበረውን ጥቂት ድምፅ ይነጥቀዋል? በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዐት አፈ ንጉሥ የሚባል ሹም ነበረ፤ ስሙ እንደሚያመለክተው በንጉሡ ስም የሚፈርድ የንጉሡ አፍ ነበረ። ንጉሥ ግን ኀይል አለው፤ አፉ የሆነው ሹም ያላለውን እንዳለ አድርጎ ቢናገር ሊሽረው ይችላል። ነገረ ፈጅ ያቆመ ባለ ርስትም ነገረ ፈጁ ቢያታልለው ሌላ ይተካል። መናገር የተሳነው ልጅ ግን አፍ የሆነለት ሰው ቢበድለው ለማን ይከሳል? በምንስ አፍ ይከሳል? ሌላ ጠበቃ የሚቈጣጠረው ባለ ጉዳይ አለው፤ የዚህ ጠበቃ ተቈጣጣሪ ግን የገዛ ኅሊናው ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የጥያቄውም ክብደት ከዚህ የተነሣ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ሌላው መናገር ራሱ ክፉ ነው እንዳይባል እውነቱን መግለጥ ያስፈልጋል። ዝም ማለት ኀጢአት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ ላይ የንጉሥ ልሙኤል እናት ልጅዋን ስትመክር፣ መናገር ስለማይችለው አፉን እንዲከፍት ታዝዘዋለች። በአሜሪካ በ1975 ጉዳት ላለባቸው ልጆች ሁሉ ትምህርት እንዲሰጥ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ፤ ሕጉ ራሱ በመግቢያው ላይ አንድ ሚሊዮን ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ተገልለው እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ይህ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ቀደም ብሎ በፔንስልቬንያ የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ልጆች ወላጆች ማኅበር አቁመው ግዛቱን ከሰሱ፤ በ1972 የተፈጸመው የፍርድ ስምምነትም ለልጆቻቸው የትምህርት ቤቱን በር ከፈተ። እነዚያ ወላጆች «ልጆቻችን ስለ ራሳቸው እስኪናገሩ እንጠብቅ» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ልጆቹ መናገርን የሚማሩበትን ስፍራ ሳያገኙ ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ጥብቅና ያስፈልጋል። ጥያቄው ጥብቅና በምን ልክ ይሁን፣ ወዴትስ ያድርስ የሚለው ነው።

የልኩ መጥፋት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ታላቅ ምስክር የሚላኖ ጉባኤ ነው። በፓሪስ የነበረው ካህን ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ (1712–1789) መስማት የተሳናቸውን ሁለት እኅትማማቾች ካገኘ በኋላ፣ እነርሱን ለማስተማር ሲል መጀመሪያ የእጃቸውን ምልክት ከእነርሱ ተማረ። መምህር ሆኖ ሳለ ደቀ መዝሙር ለመሆን አላፈረም፤ ትምህርት ቤቱም ለብዙ አገር አብነት ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በመስከረም 1880 መስማት የተሳናቸው ሰዎች መምህራን በሚላኖ ተሰበሰቡ፤ የልጆቹ ትምህርት በአፍ ንግግር ብቻ እንዲሆን፣ የእጅ ምልክትም እንዲቀር ወሰኑ። ከ164ቱ ተወካዮች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ሕፃናት በክፍል ውስጥ በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ወጡ። ጉባኤተኞቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ልጆቹን የሚወዱና ከሰሚው ዓለም ጋራ ሊያገናኟቸው የሚመኙ ነበሩ። የጎደላቸው ፍቅር አልነበረም፤ የሚወዱትን ሰው አልጠየቁም። የዚሁ ጉባኤ ተከታይ በ2010 በካናዳ በቫንኩቨር ተሰብስቦ የሚላኖን ውሳኔ ትቶ ኀዘኑን ገለጠ፤ በመካከል ግን 130 ዓመት አልፎ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ከዚህ ይልቅ ያስደነግጣል፤ ረዳቱ ራሱን በራሱ ያታለለበት ነገር ነውና። ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በአሜሪካ አንድ አዲስ መንገድ ተስፋፋ። ረዳት የዝምተኛውን ሰው እጅ ወይም ክንድ ይዞ በፊደል ሰሌዳ ላይ ይደግፈዋል፤ በዚህም ድጋፍ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ልጅ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚጽፍ መሰለ። ወላጆች ልጃቸው እንደሚወዳቸው በጽሑፍ አንብበው አለቀሱ። በ1993 በኒው ዮርክ ግዛት 12 ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት ታተመ። መርማሪዎቹ ለረዳቱና ለተረጂው ሥዕል ያሳዩ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ዓይነት፣ አንዳንድ ጊዜም አንዱ የሌላውን ሳያይ የተለያየ። ሥዕሉ የተለያየ በሆነ ጊዜ የሚጻፈው ረዳቱ ያየው እንጂ ተረጂው ያየው አልሆነም። ረዳቶቹ ሳይታወቃቸው የገዛ ቃላቸውን በሌላው ጣት ሲጽፉ ኖረዋል። በ2018 የአሜሪካ የንግግር ሐኪሞች ማኅበር ይህ መንገድ እንዳይሠራበት አሳሰበ። እንግዲህ ሰው የሚወደውን ሰው ዝምታ መታገሥ ሲያቅተው፣ ዝምታውን በራሱ ቃል ሞልቶ «እርሱ ተናገረ» ሊል እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። ይህን ያደረጉት አታላዮች አልነበሩም። የሰውን እጅ ይዞ መምራትና የሰውን እጅ አሳብ መከተል ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ፈተና ብቻ ነው።

ወጣትን በመምከርም ሥራ ይኸው አደጋ አለ። መካሪ ለወጣቱ ምክር ብቻ አይሰጠውም፤ ስምም ይሰጠዋል። በ1939 በአሜሪካ በአይዋ ግዛት በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ በ22 ልጆች ላይ ፈተና ተደረገ፤ ከእነርሱም ንግግራቸው ደኅና የነበረ ስድስት ልጆች «መንተባተብ ጀምራችኋል፣ ተጠንቀቁ» ተባሉ። ልጆቹ በእውነት ተብታባ ሆኑ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ መናገር ፈሩ፣ ዐፈሩ፣ ድምፃቸውን አሳነሱ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሥራ በ2001 ይቅርታ ጠየቀ። ትልቅ ሰው ለልጅ የሰጠው ስም በልጁ ውስጥ እንደሚበቅል ይህ ያሳያል። «አንተ ምስኪን ነህ» ተብሎ ያደገ ልጅ ምስኪንነትን ይማራል። ነገር ግን የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው። ሐኪሟ «ንግግርህ ይዘገያል፤ የምትናገረው ነገር ግን ሊጠበቅ የሚገባው ነው» ያለችው ልጅ፣ መዘግየቱ ባይቀርለት እንኳ ፍርሃቱ ሊቀርለት ይችላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ታላቅ ምሳሌ አለው፤ እርሱም የሙሴና የአሮን ታሪክ ነው። ሙሴ አንደበቱ እንደማይፈታለት ለእግዚአብሔር አቤቱታ ባቀረበ ጊዜ፣ ወንድሙ አሮን አፍ ሆኖ ተሰጠው። ነገር ግን ቃሉን የሚሰጠው ሙሴ ነው፤ አሮን የተቀበለውን ያደርሳል። ሥርዐቱ በዚህ መልክ ሳለ ሥራው ተቃና። ሙሴ ወደ ተራራው ወጥቶ በዘገየ ጊዜ ግን አፍ የሆነው ሰው በራሱ መናገር ጀመረ፤ ወርቁን አምጡ አለ፣ ጥጃውም ተሠራ። ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል። አሮን በሖር ተራራ ላይ ሞተ፤ ሙሴ ግን በዮርዳኖስ ማዶ ቆሞ ለሕዝቡ ሁሉ ራሱ ተናገረ፤ ኦሪት ዘዳግም የሚባለው መጽሐፍ ከሞላ ጐደል የዚህ ኮልታፋ ሰው ንግግር ነው። እንግዲህ አሮን ለሙሴ የተሰጠው ለዘላለም ምላስ እንዲሆነው አልነበረም። ድልድይ ነበር፤ ሙሴም ተሻግሮበት ወደ ገዛ ንግግሩ ደረሰ።

ይህ አሳብ በኑሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚፈትን ለማየት አንድ ምሳሌ ይታሰብ። አንዲት የንግግር ሐኪም አንድን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምራ ትረዳዋለች። አንጎሉ በመጎዳቱ በአፉ አይናገርም፤ በዓይኑ እየጠቆመ በመሣሪያ ይናገራል። ይህን መሣሪያ ለማግኘት ከመድን ድርጅት ጋራ የተከራከረችለት እርሷ ናት፤ በትምህርት ቤቱ የሕክምናው ሰዓት እንዲጨመርለት ደብዳቤ የጻፈችውም፣ በየጉባኤው የተቀመጠችውም እርሷ ናት። ልጁ 16 ዓመት ሞላው። የአሜሪካ ሕግ፣ ተማሪው ከትምህርት በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ በሚታቀድበት ጉባኤ ላይ ተማሪው ራሱ እንዲጠራ ያዝዛል፤ ስለዚህ ልጁ ተጠርቶ መጣ። ሐኪሟ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ሕክምና ለመጠየቅ ተዘጋጅታለች። የጉባኤው መሪ ልጁን ጠየቀው። ልጁ ዓይኑን ከምልክት ወደ ምልክት እያዛወረ ብዙ ጊዜ ቈየ፤ በመጨረሻም መሣሪያው፣ ያለው ሰዓት እንዲቀነስለትና በዚያ ሰዓት ከጓደኞቹ ጋራ ምሳ መብላት እንደሚፈልግ ተናገረ።

በዚህ ጊዜ የሐኪሟ ልብ ምን ይሁን? የአሥር ዓመት ድካሟ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናቀ ሊመስላት ይችላል። ሕክምናው እንደሚጠቅመው በሙያዋ ታውቃለች፤ ምናልባትም ልክ ናት። በጉባኤው ያሉት ሁሉ የሚያምኑት እርሷን ነውና «ይህ የልጁ እውነተኛ ፈቃድ አይደለም፤ ደክሞት ነው» ብትል ነገሩ በዚያው ይፈጸም ነበር። ጥብቅና ወደ አገዛዝ የሚለወጠው በዚህች ደቂቃ ነው። ያለ ቍጣ፣ ያለ ክፋት፣ ከፍቅርና ከዕውቀት የተነሣ ይለወጣል።

ልጁ ሊሳሳት ይችላልን? ይችላል። አንደበታቸው የተፈታላቸው የ16 ዓመት ልጆችም በየቀኑ ይሳሳታሉ፤ ስለ ተሳሳቱ ግን አፋቸው አይዘጋም። መሳሳት ለሌላው ልጅ የማደግ መንገድ ከሆነ፣ ለዚህኛው ብቻ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድር ነው? ይህ ማለት ግን ሐኪሟ አሳቧን ትደብቅ ማለት አይደለም። ሁለት አፍ እንዳላት ትወቅ፤ አንደኛው የራሷ ነው፣ ሁለተኛው በአደራ የተቀበለችው ነው። በራሷ አፍ «በእኔ አሳብ ሕክምናው ቢጨመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ይህና ይህ ነው» ብትል፣ ልጁም ሰምቶ ቢመልስላት፣ እውነተኛ ምክር ነው። በአደራው አፍ ግን ልጁ ያለውን ከማድረስ በቀር ሌላ መናገር አይገባትም። ኀጢአቱ የሚጀምረው ሁለቱ አፎች ሲቀላቀሉና የራሷ አሳብ የልጁን ስም ለብሶ ሲወጣ ነው። ነገረ ፈጅ ከተሰጠው ውክልና አልፎ ርስቱን ቢያስማማ ዳኛ ይቀጣዋል፤ የሰው ፈቃድ ከርስት ያነሰ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚቃወም ሰው ይኖራል። «በዓይኑ ለሚናገር ልጅ ይህ መልካም ነው፤ ምልክት ወይም ሰሌዳ ከቶ ለማይዘው ግን ምን ይደረግ? አእምሮው ከባድ ጉዳት ያለበትን ሰው ማን ይጠይቀዋል?» ይላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ቃል የሌለው ሰው ግን ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም። አንዱን ነገር ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ ሌላውን ሲያይ ይዞራል፤ አንድ ሰው ሲነካው ሰውነቱ ይፈታል፣ ሌላው ሲነካው ይጠነክራል። እናቶችና ታማኝ አገልጋዮች ይህን ያነብባሉ። ስለ እንዲህ ያለ ሰው የሚናገር ጠበቃ ያየውን ይናገር፤ ከዚያም «የመሰለኝ ይህ ነው» ብሎ የገመተውን ካየው ለይቶ ያስቀምጥ። የሚያርመው ሌላ ሰው ካለ ይስማ፤ በራሱ ግምት ላይ ፈተና ቢደረግ አይቈጣ። በ1993 የተደረገው ምርመራ የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ በሌላው ስም የሚናገር ሰው መመርመርን እንደ ስድብ ሊቈጥረው አይገባውም።

የዓለም መንግሥታትም ወደዚህ አሳብ ደርሰዋል። በታኅሣሥ 2006 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውና ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ የምልክት ቋንቋን፣ ብሬይልን፣ በሰሌዳና በመሣሪያ መነጋገርን ሁሉ የመነጋገሪያ መንገድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ መንግሥታትም ስለ አካል ጉዳተኞች ሕግ ሲያወጡ ከራሳቸው ከአካል ጉዳተኞች ጋራ እንዲመክሩ ያዝዛል። ስምምነት በወረቀት ላይ መኖሩና በቤት ውስጥ መኖሩ ግን ሁለት ነገር ነው።

በሃይማኖት ተነሥቶ ይህን ሥራ የያዘ ሰው ከሌላው ይልቅ የሚጠነቀቅበት አንድ ነገር አለው። ክርስቲያን ምጽዋት መስጠት ታላቅ ነገር መሆኑን ተምሮ ያድጋል፤ ምጽዋትም በእውነት ታላቅ ናት። ነገር ግን ሰጪው ሁልጊዜ ቆሞ፣ ተቀባዩ ሁልጊዜ ተቀምጦ እንዲታይ የሚወድድ ልብ በምጽዋት ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠውን ዕውር ወይም ድዳ፣ ምእመኑ ለራሱ ጽድቅ እንደ መሰላል የሚቈጥረው ጊዜ አለ። ሰጪው ሲያልፍ ሳንቲሙን ይጥላል፤ ቆሞ «ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሳንቲም መስጠት አንድ ቅጽበት ይበቃዋል፤ የኮልታፋን ንግግር እስከ መጨረሻው መስማት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ምናልባት ጊዜ ከሳንቲም የከበደ ምጽዋት ነው።

በዮሐንስ ወንጌል በዘጠነኛው ምዕራፍ የተጻፈው፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ታሪክ በዚህ ነገር ላይ ይፈርዳል። ደቀ መዛሙርት ሰውየው ፊታቸው ሳለ እርሱን ሳይጠይቁ፣ ዕውር የሆነው በማን ኀጢአት እንደ ሆነ ስለ እርሱ ተከራከሩ። ጌታ ይህን ክርክር ዘጋው። ሰውየው ከተፈወሰ በኋላም የአይሁድ አለቆች ስለ እርሱ ወላጆቹን ጠየቋቸው። ወላጆቹ ከምኵራብ እንዳይወጡ ፈርተው፣ ልጃቸው ሙሉ ሰው ስለ ሆነ እርሱን ራሱን እንዲጠይቁት፣ ስለ ራሱም እንደሚናገር መለሱ። ይህን ያሉት ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ ስለዚህ አይመሰገኑም። ነገር ግን በፍርሃት የወጣው ቃል ራሱ ትክክለኛ ቃል ነበር። ልጃቸው ተጠየቀ፤ ከዚያ በፊት ለማኝ ብቻ የነበረው ሰው በሊቃውንት ሸንጎ ፊት ቆሞ ማንም ሊመልሰው ያልቻለውን ተናገረ። ወላጆቹ በፍርሃት ያሉትን የንግግር ሐኪምና መካሪ በድፍረት ሊሉት ይገባቸዋል። ወላጆቹ ያን ብለው ሸሹ፤ ጠበቃ ግን ይህን ብሎ አጠገቡ ይቆማል። ልዩነቱ በዚህ ነው። ሰውየው ከተናገረ በኋላ ወደ ውጭ ተጥሏልና፤ ብቻውን ሆኖ የተናገረ ሰው የንግግሩንም ዋጋ ብቻውን ይከፍላል።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሱ ይህ ነው። ስለ ሌላው መናገር የሚጸድቀው ሌላውን ወደ ማናገር ሲያደርስ ነው። ሐኪሟ በየዓመቱ ራሷን ትጠይቅ፤ «ከአምና ዘንድሮ እርሱ የሚናገረው በዛ ወይስ እኔ የምናገረው በዛ?» የእርሷ ንግግር እየበዛ የልጁ ዝምታ እየጠለቀ ከሄደ፣ ምንም ያህል ድል ብታገኝ፣ ስሟም ምንም ያህል ቢመሰገን፣ ሥራው ተጣምሟል። የልጁ ቃል፣ አጭርም ቢሆን፣ የተሳሳተም ቢሆን፣ እርሷን የሚቃወምም ቢሆን፣ በአደባባይ መሰማት ከጀመረ ግን ሥራው ቀንቷል።

ይህም ለሐኪሞች ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም። በየቤቱ የሚንተባተብ ወንድም፣ ቃል የጠፋው አባት፣ በምልክት የሚናገር ልጅ አለ። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ዘመዶቹ ለተወለደው ሕፃን የአባቱን ስም ለማውጣት ተስማምተው ነበር፤ እናቲቱ ኤልሳቤጥ ግን አይሆንም ስላለች አባቱን በምልክት ጠየቁት። እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ሁሉም ያልጠበቁትን ስም ጻፈ። ሰሌዳውን አምጥቶ ያቀበለው ሰው ማን እንደ ሆነ ወንጌሉ አይናገርም፤ ስሙ የታወቀ አይደለም፤ ስሙን ለማውጣትም አልተጠየቀም። ሰሌዳውን አቀበለ፣ እስኪጻፍም ጠበቀ። የሚንተባተበውን ሰው ዐረፍተ ነገር ከአፉ ነጥቆ የሚፈጽምለት ሰው እርዳታ ያደረገ ይመስለዋል፤ እስኪፈጽም ዝም ብሎ የሚጠብቀው ግን ከእርሱ የበለጠ ረድቶታል።